ሞያ አለ?

ጁባ፣ ጀበል
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ባለቤት ለሺፋ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? እናቴስ እንዴት ናት? ግፊቷ ወረደላት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? የግቢያችሁ ቧንቧ ተሠራ? የኮልፌ ጭቃስ ደረቀ? አባትሽ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም የጎደለብኝ የለም። ኻሊድም ደህና ነው። በጣም ደህና ነው። ሥራ ብቻ ነው የያዘው።

መጀመሪያ ይቅርታሽን። በድምፅ የላክሽውን ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቴ ነው የሰማሁት። «ጋሼ፣ ሰማያዊው ምልክት ይታየኛል እኮ» ያልሽው እውነትሽን ነው፣ አንብቤ ዝም ብያለሁ። የዚህ አገር ኔትወርክ አንዱን ቃል ያደርስና ሦስቱን ይውጣል። እኔም እንደ ድሮው ስልክ ላይ መጮህ አልችልም። ሉብና ልብስ ይዛ በየወሩ ስለምትመላለስ በሷ እጅ ወረቀት ብንላላክ ይሻላል። ሰው ወረቀት ላይ ተረጋግቶ ያወራል።

«ኻሊድ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ለምን ድምፁ ጠፋ?» ላልሽው፣ ቃል ስላለበት ነው። የጀመርኩትን ሳልጨርስ አላወራም ብሏል። ግትርነቱን ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ይሄ ባሌን ውጦ ያስቀረ ዋተር ፓርክ ምንድን ነው?» ብለሻል። እሱን ካነሳሽብኝማ ማቆሚያ የለኝም። ጋትኩዋት የሚባል ባልንጀራ አለኝ፤ አዲስ አበባ በስደት ያደገ፣ አማርኛው ከኔ የሚሻል ኑዌር ነው። ከጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ቦታ ነበረው። እኔ የሴራሚክና የቀለም ጅምላ ሱቅ አለኝ። አንድ ቀን ሙቀቱ አናታችንን ሲያነደው «ኢስሃቅ፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት ሰው ገላውን የሚነክርበት ቦታ የለም እኮ» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለታችንም አበድን። መንሸራተቻዎቹን አሮጌ ገዝተን ከካምፓላ በከባድ መኪና አስጫንን። ትልቁ፣ ቢጫው፣ እንደ ቱቦ ድፍን ሆኖ የሚጠማዘዘው፣ ድንበር ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ተብሎ አራት ቀን ቆመ። ፈታሾቹ አንድ በአንድ ውስጡ እየገቡ ወጡ።

በ2011 ከፈትነው። ሺፋ፣ ያን ቀን ብታይው! ሰው በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ይገባል፤ ማንም አውልቅ አላለውም። ሙሽሮች ከነቬሏቸው መጡ። ቢጫው ላይ ለመውጣት ሁሉም ሲፈራ እኔ ሱፌን እንደለበስኩ አናቱ ላይ ተቀመጥኩና ለቀቅኩት። ከታች ስወጣ ሰው ሁሉ እልል አለ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ መቆሚያ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓትን ለሴቶች ብቻ አደረግነው፤ የኛዎቹ ከነሂጃባቸው እየተንሸራተቱ ሲጮኹ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ሞያውን በቦቴ ነበር ከናይል የምናስቀዳው፣ አንዳንድ ቀን እስከ አሥራ አራት ቦቴ። በኋላ ተዘጋ። ኻሊድ የመጣው የፓርኩን ፓምፕ ሊያስነሳልን ነው፤ ታውቂያለሽ፣ በፓምፕ ሥራ እሱን የሚያህል የለም።

እናቴን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ኢስሃቅ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኢስሃቅ፣

ወአለይኩም ሰላም። ሁላችንም ደህና ነን። ሰላምታውን አሳጠርኩት፣ አይቀየሙኝ። የእርስዎ ሰላምታ ግማሽ ገጽ ሄዶ ስለ ባሌ ያለው ሦስት መስመር ነው፤ ቆጠርኩት። «ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ቢሉኝ አምንዎት ነበር።

ደግሞ «ሞያውን በቦቴ ነበር የምናስቀዳው» ማለት ምን ማለት ነው? ሙያ በቦቴ ይቀዳል እንዴ? ለናትዎ ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ «ልጄ አሥራ አራት ዓመት ጁባ ተቀምጦ አማርኛው ተበላሸ» አሉ። እንዲህ የሚቀዳ ከሆነ አንድ ቦቴ ይላኩልን፤ ለሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛም ይተርፋል። እስቲ ፍቺውን ይጻፉልኝ፣ እናትዎም ጓጉተዋል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ኻሊድ በመስከረም ሲሄድ ሁለት ወር ነው ያለኝ። እስከ ጥቅምት ሃያ አራት በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ምን እንደበላ ሳይቀር ይነግረኝ ነበር። ከዚያ ጸጥ። ሰው ከሚስቱ ጋር ሳያወራ ፓምፕ ይጠግናል? ቁልፍ የሚይዘው በምላሱ ነው እንዴ?

ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ኻሊድ ከኔ ጋር መኖር ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም? አዎ ካሉኝ ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ። አይ ካሉኝም አልሞትም። አባቴ ግን እንደኔ አይታገሥም። «እስከ ኢድ ድምፁን ካልሰማን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደሽ ኒካሁን ታስፈርሻለሽ፤ ልጄ ባለ ባልም ፈትም ሳትሆን አትቀመጥም» ብሏል። የሚለውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን ያውቃሉ።

አዎ ወይም አይ። ሰላምታ አያስፈልገኝም።

ሺፋ


ጁባ፣ ጀበል
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሺፋ፣

ሞያ ማለት በጁባ አረብኛ ውሃ ማለት ነው። ውሃ። ኻላስ፣ አለቀ። ከእንግዲህ ስለዚህ ቃል አትጠይቂኝ፤ ለእናቴም አታንብቢላት፤ አትሳቁበት። እለምንሻለሁ።

ከላይ ያለውን ስጽፍ ተናድጄ ነበር፤ ወረቀቱን ልቀደው ብዬ ተውኩት። ማሌሽ፣ ይቅርታ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አሰላሙ አለይኩም ሳልል መጀመሬም ነውር ነው።

ጥያቄሽ አዎ ወይም አይ ነው። አዎ። ይፈልግሻል። በአላህ ስም እነግርሻለሁ፣ ከአዎም በላይ ነው። አባትሽን ታገሡን በያቸው።

ፓርኩ ለምን እንደተዘጋ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ቢያንስ ይሄንን። ሰው ኮሮና ነው የዘጋው ይላል። ኮሮና ስድስት ወር ዘጋን፤ መልሰን ከፈትን። ናፍጣው ተወደደ፤ እሱንም ቻልነው። የዘጋችን ማግዳሌና የምትባል፣ አጥራችን ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። በዚያ ዓመት ለሰፈሩ ውሃ የሚያመጡት ቦቴዎች ጠፍተው ነበር፤ ወደኛ የሚመጡት ግን በሷ ፊት እያለፉ ይገቡ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሦስት ጀሪካን ይዛ ገባች። ቲኬት አልቆረጠችም፣ ማንንም አላናገረችም። ከገንዳው ጫፍ ተንበርክካ ሞላች፣ ወጣች፣ ተመለሰች። ዘበኛው ሊይዛት ሲል ጋትኩዋት «ተዋት» አለው። በማግስቱ ሠላሳ ሴት መጣ። የሚዋኙት ሰዎች ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ከደረታቸው ወደ ጉልበታቸው ሲወርድ አዩት። በሦስተኛው ቀን የወለሉ ሴራሚክ ታየ፤ ከሱቄ ያወጣሁት ሰማያዊው ሴራሚክ። ማግዳሌና ስትወጣ ለጋትኩዋት «ይሄ ለልብስ ነው፣ መድኃኒቱ ስለሚሸት አይጠጣም፤ የሚጠጣውን ደግሞ ከየት ላምጣ?» አለችው። ከዚያ በኋላ እኔም እሱም ቦቴ ለማዘዝ ስልክ ማንሳት አፈርን። የዘጋነው አፍረን ነው።

አሁን እሑድ እሑድ አንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደረቁ ገንዳ ውስጥ ወርደው ይለማመዳሉ። ድምፅ ያሳምራል አሉ።

ለእናቴ ደህና ነው በያት።

ኢስሃቅ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኢስሃቅ፣

ዛሬ ሰላምታም የለኝም።

ሉብና ባለፈው እሑድ ገባች። ሻንጣዋን እንኳን ሳትፈታ እኛ ቤት መጣችና «ተቀመጪ» አለችኝ። ኻሊድን አይታዋለች። ቡሉክ ሰፈር፣ ጠዋት፣ በቦዳ ሞተር ስታልፍ። ከአንድ ሱቅ ሲወጣ በአንድ እጁ የፕላስቲክ መታጠቢያ ሳፋ፣ በሌላው ፌስታል ሙሉ ዳይፐርና ፓውደር ይዟል። ጠራችው። አይቷታል፤ ፊቱን አዙሮ በሌላው መንገድ ገባ።

ዳይፐር፣ ጋሼ! ኧረ በአላህ! አምስት ዓመት ልጅ አጣን ብሎ በየሐኪሙ ደጅ ያስጠናኝ ሰው! እርስዎ «አዎ፣ ከአዎም በላይ» ብለው ሲጽፉልኝ እሱ እዚያ የሰው ልጅ ያጥባል! ለካ ጥቅምት ላይ ድምፁ የጠፋው ወዶ ነው። ለካ ሲሄድም ሌላ ቤት ነበረው። የፓምፕ ሙያተኛ ነው የላክነው፤ የማን ፓምፕ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረን።

እርስዎም ያውቁ ነበር። እኔን የሚያበግነኝ እሱ ነው። አልጋ ላይ ሲያለቅሱ የሚያድሩት እናትዎም አላሳዘንዎትም።

አባቴ ኢድን አልጠበቀም። ሰኞ ዕለት አብረን ሄደን አመለከትን። መጥሪያውን ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ፤ ቀጠሮው ግንቦት 11 ነው። ለኻሊድ በእጁ ይስጡት። ቀርቦ «ሚስቴ ናት» ካለ ቃዲው ይሰማዋል፤ ካልቀረበ ኒካሁ ይፈርሳል። ወይ ይምጣ፣ ወይ ይደውል። እኔ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ሺፋ


ጁባ፣ ጀበል
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሺፋ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን አላህ ይቀበልሽ።

ዋላሂ፣ ቢላሂ፣ ጾመኛ ሆኜ ነው የምምልልሽ፦ ኻሊድ ሌላ ሚስት የለውም። ሌላ ቤት የለውም። ልጅም የለውም። የኔው ጓዳ ምንጣፍ ላይ ነው የሚተኛው። ዳይፐሩ ለአንድ የታመመ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ኻሊድ ነው የሚያስታምመው። ሰውዬው ሌላ ሰው የለውም። ከሉብና ፊቱን ያዞረው ስላፈረ ሳይሆን የምትጠይቀውን መመለስ ስለማይችል ነው።

«ታዲያ ሰውዬው ማነው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አሁን አትጠይቂኝ።

ትናንት ለኢፍጣር ሾርባ ሠርቶልን ጨው ረስቶት ነበር። «ሺፋ ብትሆን ትጥልብኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቁ ነው። ይሄንን እንኳን ያዢልኝ።

እናቴን አደራ። ለሷ ምንም እንዳትነግሪያት።

ኢስሃቅ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኢስሃቅ፣

ስለ መጥሪያው አንድ ቃል አልጻፉም። ስለ ሾርባው ጨው ጽፈዋል።

ሉብና ከእርስዎ ቤት ተቀይማ ነው የመጣችው። ሌላ ጊዜ ደብዳቤውን ሱቅዎ ነበር የምትተወው፤ አሁን መጥሪያ ስላለበት በእጅዎ ልትሰጥ ስትመጣ በጀርባ በር አስገብተዋት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ እግርዎ ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ነው የተቀበሏት። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ! ከተቀመጡበት አልተነሱላትም። ስትወጣም አልሸኟትም። «እኔ ምን በደልኩት? ድሮ በር ድረስ ሮጦ ነበር ሻንጣዬን የሚቀበለኝ» ብላ አለቀሰች። አሁን ደግሞ እሷንም ናቁ?

ለመሆኑ ኻሊድ መጥሪያውን አይቶታል? ይሄንን ብቻ ነበር መጠየቅ የፈለግኩት፤ ግን እርስዎን ጠይቄ መልስ አግኝቼ ስለማላውቅ ተውኩት። ስልክዎን ብሎክ አድርጌዋለሁ፤ የኻሊድንም፣ ቢደውል ኖሮ ማለቴ ነው። ከእንግዲህ የምሰማው ቃዲውን ነው።

ሺፋ


ጁባ፣ ጀበል
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሺፋ፣

ሉብና ናቀኝ ያለችው ስላልተነሳሁላት ነው። አልተነሳሁላትም፤ መነሳት አልችልም። ከወገቤ በታች የራሴ አይደለም። ዳይፐሩ የኔ ነው። ሳፋውም የኔ ነው። ፓውደሩ ጀርባዬ እንዳይቆስል ነው። ያ የታመመ ሰው እኔ ነኝ።

አሁን ቁጭ በይና ሁሉንም ስሚኝ።

ጥቅምት 25 ነው። አንድ ባለሀብት ፓርኩን ሊያይ በሳምንቱ ይመጣ ነበር። ኻሊድ ፓምፑን ሁለቴ አስነስቶት ሁለቴ ቆሞበታል። ጠዋት ቁርስ ላይ ተናድጄ «ሙያህ ይሄ ነው እንዴ? ሙያህን አየነው» አልኩት። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፣ ስድብ ይችላል፣ ሙያውን ከነኩበት ግን አይችልም። ፊቱ ጠቆረ። ቁልፉን ይዞ ወደ ፓምፑ ቤት ወረደ።

ረፋድ ላይ ፓምፑ ተነሳ። ቢጫው ቱቦ ውስጥ ውሃው ሲንፎለፎል ሰማሁ። ሺፋ፣ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደ መክፈቻው ቀን አናቱ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ማረፊያው ገንዳ አይታየኝም፣ የጥላው ቆርቆሮ ይሸፍነዋል። እሱም እኔን አያየኝም። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ኻሊድ ሴራሚኩን ሊያጸዳ ለሙከራ የሞላነውን የማረፊያ ገንዳ መውረጃ ከፍቶ አድርቆት ነበር፤ ይሄንን አላውቅም። እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ግን መጠየቄ አልቀረም። ወደ ታች ጮህኩ።

«ኻሊድ! ሞያ አለ?»

አየሽ? ውሃ አለ ወይ ማለቴ ነው። አሥራ አራት ዓመት ከጀሪካን ሻጩ፣ ከቦቴ ሾፌሩ፣ ከጎረቤቱ ጋር «ሞያ» ስል ኖሬ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። «አለ» የሚለው ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ። ኻሊድ አገሩ ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። እሱ የሰማው ጠዋት የሰደብኩትን ነው። ፓምፑ ተነስቶ ሳለ፣ ገና ላቡን ሳይጠርግ፣ አሁንም ሙያ አለህ ወይ እያልኩ የማሾፍበት መሰለው። በሙሉ ድምፁ መለሰልኝ።

«ሞልቷል!»

ለቀቅኩት።

ወድቄ ከገንዳው ወለል ላይ አይኔን ስገልጥ ኻሊድ በላዬ ቆሟል። ቁልፉን እንደያዘ ነው። «ለምን ወጣህ? ለምን ሳትጠይቀኝ ወጣህ?» ይለኛል። «ጠየቅኩህ፣ ሞልቷል አልከኝ» አልኩት። እንዴት እንዳየኝ ልነግርሽ አልችልም። ቃሉ የገባው ያኔ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ የራሱን አፍ መታ፤ ጋትኩዋት ደርሶ እስኪይዘው ድረስ መታው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቋንቋዬን የቀላቀልኩት እኔ፣ ጠዋት የሰደብኩት እኔ። ይሄንን ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማኝም። እናታችን ብትሰማ ትሞታለች ብዬ ለማንም እንዳይናገር በቁርኣን አስማልኩት። እሱ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፦ «አንተ በእግርህ እስክትቆም አገሬ አልገባም፣ የሺፋንም ድምፅ አልሰማም፤ ድምጿን ከሰማሁ ሁሉንም ዘርግፌ እነግራታለሁ» አለ። እኔም «እኔ እጽፍላታለሁ፣ ተረጋጋ» አልኩት።

ጻፍኩልሽ። ምን እንደጻፍኩ አንቺ ታውቂያለሽ። በሱ ላይ ያደረግኩትን ግን አታውቂም። ደብዳቤሽ ሲመጣ እሱ እግሬን እያሸ እኔ አነብለታለሁ። ያልጻፍሽውን ነው የማነብለት። «በርታ፣ አትቸኩል፣ ሥራህን ጨርስ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብላለች እለዋለሁ። «እንዲህ አለች?» ይላል፤ «ድገምልኝ» ይለኛል። እደግምለታለሁ። መጥሪያው ፍራሼ ሥር ነው። አላየውም። ቀጠሮ እንዳለው አያውቅም። አባትሽ ምን እንዳሉ አያውቅም።

የመጨረሻዋን ልንገርሽ፤ እሷን ለጋትኩዋት እንኳን አልነገርኩም። ሐኪሙ ታኅሣሥ ላይ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ሳምንት፣ ብቻዬን ስሆን ነግሮኛል፦ መቆም የለም። አይመጣም። ኻሊድ ግን በየማለዳው «ዛሬ ጣትህ ተሰማህ?» ይለኛል፣ እኔም «ትንሽ ተሰማኝ» እለዋለሁ። ለምን? ፈርቼ ነዋ! እውነቱን ከነገርኩት ወይ ራሱን አንድ ነገር ያደርጋል፣ ወይ ማልቀሱን ጨርሶ አንድ ቀን ወደ ሚስቱ ይሄዳል። ሚስቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። ልጅ የለኝም። ብቻዬን በዚህ ፍራሽ ላይ መቅረት ፈራሁ። ወንድሜን በውሸት አስሬ አስቀመጥኩት።

ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ደወልኩልሽ፣ ዘግተሽዋል። ይሄንን ወረቀት ለአባትሽ አንብቢላቸው። ለቃዲውም አሳዪው። ባልሽ አልከዳሽም።

ኢስሃቅ


አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢስሃቅ፣

ዛሬ አንተ ልልህ ነው። እርስዎ የሚለው ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ደብዳቤህን ሉብና ቅዳሜ ግንቦት 9 አድርሳልኛለች። አልከፈትኩትም። ፖስታው ወፍራም ነበር፤ «ይሄ ሁሉ ሰላምታ ነው» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሰኞ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ቃዲው ሦስቴ የኻሊድን ስም አስጠራ፤ ማንም አልመለሰም። «ከባልሽ የመጣ ቃል አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» አልኩ። ቃሉ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ «የለም» አልኩ! ኒካሁን አፈረሰው። ማክሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት አየሁትና ቀደድኩት፤ እስቲ ደግሞ ምን ይል ይሆን ብዬ፣ ልስቅበት።

ኢስሃቅ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አንብቤ ስጨርስ ጫማ ሳላደርግ በር ድረስ ወጥቼ ነበር አሉ። ወዴት ልሄድ እንደነበር እኔም አላውቅም። አላለቀስኩም፤ ገና አላለቀስኩም። ያልጻፍኩትን አነበብክለት? በኔ አፍ «አትቸኩል» አልከው? እኔ «ና» እያልኩ ስጮህ አንተ «አትቸኩል» አልከው? እንዴት ምላስህ እሺ አለህ?

ያልከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክክም። ግን ከሦስት ደብዳቤ ውሸት በኋላ አራተኛውን ማን ይከፍታል?

ብቻዬን መቅረት ፈራሁ ትላለህ። ጥቅምት ላይ «ወድቄያለሁ» ብለህ አንድ መስመር ብትልክልኝ በሳምንቱ እዚያ ነበርኩ። ዳይፐርህን እኔ እቀይረው ነበር። ባሌም ባሌ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አንተም ብቻህን አትቀርም ነበር።

ለናትህ ነገርኳቸው። አልሞቱም። «ሰባት ወር ሁለቱም ከዱኝ ብዬ ነው እንጂ የታመምኩት፣ አንዱ ወድቆ አንዱ ማስታመሙን ማን ነገረኝ?» አሉ። ለአባቴም አነበብኩለት፤ ከአንገቱ ቀና ሳይል እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ያለውን ልንገርህ። የፈረሰ ኒካህ በአዲስ ኒካህ ነው የሚታሰረው፣ ለአዲስ ኒካህ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። «ድሮ ልጄን ሊጠይቅ ሦስቴ መልሼው በአራተኛው የመጣው ታላቅየው ነው። አሁንም ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም። ያፈረሰው እሱ ነው፣ የሚጠይቀኝም እሱ ነው» አለ። «መቆም አይችልም» አልኩት። «ተቀምጦ ይጠይቀኛላ» አለኝ።

ስለዚህ ይሄን ወረቀት ስትጨርስ ኻሊድን ጥራው። መጥሪያውን ከፍራሽህ ሥር አውጥተህ ስጠው። ሚስትህ አይደለችም በለው፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩህ በለው። ከዚያ ሐኪሙ ያለህን ንገረው፦ እንደማትቆም፣ መሐላውም ከእንግዲህ እንደማይይዘው። ደግመህ ንገረው፤ አንዴ ቢሰማህም አያምንህም። ይጮህብህ። ይምታህ ከፈለገ። ከዚያ ይሸከምህ። ጋትኩዋት አውሮፕላኑ ድረስ ያግዘው።

ኢዳዬ፣ ከፍቺ በኋላ የምጠብቀው ሦስት ወር፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አባቴ ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ በሩን ይከፍታል፣ እኔም እንቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ስልኬን ከፍቼዋለሁ፤ ኻሊድ ይደውል፣ አንተ አትደውል። ደብዳቤም አትላክልኝ፣ አልከፍተውም። ራስህ ና።

ሺፋ